ሳያጸናም ሳያፈርስም

ሽማግሌ ልኮ ያጨኝ ሰው ሽማግሌ ልኮ አላፈረሰውም። ቅሬታዬ ይኸው ነው፤ ሌላ የለኝም። ገሚሱ ሰው «ባል ያጣች» ይለኛል፣ ገሚሱ «ቆማ የቀረች» ይለኛል፤ ሁለቱም አያውቁም። እኔ እጮኛ ነኝ። ፀጉሯ መሸበት የጀመረ እጮኛ አይታችሁ የማታውቁ ከሆነ፣ ሶዶ ስትመጡ ከዩኒቨርሲቲው በር ወረድ ብላችሁ ዳጣ የምትሸጠዋን አልጋነሽን ጠይቁ። ባጃጅ ነጂዎቹ ሁሉ ያውቁኛል።

በእኛ ዘንድ ነገሩ እንዲህ ነው። ወንዱ ሽማግሌ ይልካል። የሴቷ ቤተሰብ «ተመለሱ» ይላል። ተመልሰው ይመጣሉ፤ እሺ ሲባል በቤተክርስቲያን ለምእመናን ይነገራል። ከዚያ በኋላ ማፍረስ ቢያስፈልግ እንኳ ያሰሩት ሽማግሌዎች ራሳቸው መጥተው ነው የሚፈቱት። ዝም ብሎ መተው የሚባል ነገር የለም። ዱባለ ግን ዝም ብሎ ተወኝ። ተወኝ ስል ደግሞ አገር ጥሎ የጠፋ እንዳይመስላችሁ፤ እዚሁ ሶዶ ነው ያለው። አሁን ዶክተር ዱባለ ነው የሚባለው። ከቤቴ እስከ ቤቱ በእግር የሚኬድ ነው፤ እኔ ግን ሄጄ አላውቅም፣ እሱም መጥቶ አያውቅም።

ያኔ እሱ የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪ ነበር። እኔ አራተኛ ክፍል ላይ አቁሜ ከእናቴ ጋር ለዳጣ ቃሪያና ዝንጅብል የምፈጭ ነበርኩ። ዘመዶቹ «የተማረ ልጅ ያልተማረች አያገባም» ብለው እግራቸውን ተክለው ነበር። አፋቸውን ያስያዘችው እናቱ ናት፣ እማማ ፋንታዬ። «ልጄ ሲርበው ዲፕሎማ አላበስልለትም» አለች። ሰው ሳቀ፤ ነገሩም በዚያው አለቀ።

ከታጨን ብዙም ሳይቆይ ህንድ አገር የትምህርት ዕድል አገኘና ሄደ። ሁለት ዓመት ነው አለኝ። ሲሄድ ሞባይል ገዛልኝ። እሑድ እሑድ ከአምልኮ ስንወጣ ይደውላል። ደብዳቤም ይጽፍ ነበር፤ በጣቴ እየተከተልኩ ቀስ ብዬ አነብበዋለሁ። «አልጌ፣ እዚህ ሰዉ እሺ ሲልም እንቢ ሲልም አንገቱን ነው የሚወዘውዘው። አስተማሪዬ ጎበዝ ይበለኝ ሰነፍ ገና አልለየሁትም» ብሎ የጻፈልኝን ሳስታውስ ዛሬም ብቻዬን እስቃለሁ። ተናድጄበትም እስቃለሁ።

በሁለተኛው ዓመት እማማ ፋንታዬ ታመመችና ብዙም ሳትቆይ ሞተች። የቀብሩ ዕለት ጋሼ ትግሉ፣ እኛን ያጨን የሽማግሌዎቹ አለቃ፣ ቅርብ የሆነውን ሰው ሁሉ ከድንኳኑ ጀርባ ሰበሰበን።

«ዱባለ እንዳይሰማ» አለ። «ፈተና ላይ ነው፣ ብቻውን ነው። ሰው በሌለበት አገር መርዶ ቢሰማ ማን ይይዘዋል? ማን አብሮት ያለቅሳል? ሲመጣ እኛው አስቀምጠን እንነግረዋለን። እስከዚያ ሲጠይቃችሁ ገጠር፣ ቦምቤ እህቷ ዘንድ ሄዳለች በሉት።»

ሁሉም እሺ አለ። ይህ ክፋት አይደለም፤ ሩቅ ላለ ሰው መርዶ በስልክ እንደማይነገር እናንተም ታውቃላችሁ። እኔ ብቻ ነኝ ያልመለስኩት።

«አንቺስ?» አለኝ ጋሼ ትግሉ።

«እኔ እሱን መዋሸት አልችልም።»

«እንግዲያው አፍሽን ያዢ።»

ያዝኩ። የሚቀጥለው እሑድ ደወለ፤ ሰላምታ ተለዋወጥን። «እማዬስ? ድምፅዋን ከሰማሁ ቆየሁ እኮ» አለኝ። አፌን ከፈትኩ፤ ምንም አልወጣም። «አልጌ?» አለ። «አልጌ?» አለ። ዘጋሁት። ከዚያ ወዲያ ሲደውል አላነሳሁም። ስልኩ ከቃሪያው አጠገብ ይጮሃል፣ እኔ ቆሜ አየዋለሁ፣ ይጮህ ይጮህና ይተዋል። ከብዙ እሑዶች በኋላ መደወሉንም ተወ።

ትምህርቱን ጨርሶ ሲመጣ ሶዶ ሳይደርስ ቦዲቲ ላይ አስቁመው አጎቱ ቤት አስገቡትና ጎህ ሲቀድ ነገሩት። ከሴቶቹ ጋር ግድግዳ ተደግፌ ነበር። ሲያለቅስ ሁለት ሰው ነው የያዘው። መሀል ላይ ቀና ብሎ አየኝ። በዓይኑ ውስጥ ምን እንደነበር እስከዛሬ መናገር አልችልም። ጥላቻ ነው እንዳልል ጥላቻ አይመስልም፤ ናፍቆት ነው እንዳልል ማን በናፍቆት እንደዚያ ያያል? ከዚያ ዓይኑን መለሰ። ለምን አላነሳሽም ብሎ አልጠየቀኝም። እኔም ሳይጠይቀኝ አልናገርም አልኩ። ቀድሞ የሚናገር ጥፋተኛ ነው ብዬ ነው። እሱ እንደገና ለዶክትሬቱ ወጣ፣ ተመለሰ፣ አላገባም፤ እኔም አላገባሁም። ከተማው የፈለገውን አለ። እኔ ቃሪያዬን ፈጨሁ።

*

ሆዴን ያቃጠለኝ ይህ ብቻ ቢሆን እችለው ነበር። ከቤተክርስቲያናችን ወጣቶች ለትምህርት ወደ ውጭ የሚሄዱ ሲኖሩ አዳራሽ ውስጥ ምክርና ጸሎት ይደረጋል። ቀድሞ የሄዱት ለሚሄዱት ያዩትን ይናገራሉ። ዱባለ በየዓመቱ ከመካሪዎቹ አንዱ ነው። እና በየዓመቱ ሰው እየሮጠ መጥቶ ይነግረኛል፤ «እጮኛ አስቀምጣችሁ አትሂዱ አለ እኮ» ይለኛል። የሚነግረኝ ሰው ፊቴን እያየ ነው የሚነግረኝ። እኔ «ዳጣው ስንት ይሁንልሽ?» እላለሁ።

ዘንድሮ ግን የምትሄደው ቤቴል ሆነች። የወንድሜ ልጅ ናት፤ ከሕፃንነቷ እኔ ዘንድ ነው ያደገችው። ሀንጋሪ የሚባል አገር፣ ስለ ውሃ ልትማር። «አክስቴ፣ ካልመጣሽ አልሄድም» አለችኝ። እንደማትቀር አውቃለሁ፤ ግን ሄድኩ። መጨረሻው ወንበር ላይ፣ ምሰሶ ጥግ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ ፀጋአብ የሚባል ከቻይና የተመለሰ ልጅ ተናገረ። «እዚያ አስተማሪው ገባህ ወይ ሲለኝ አዎ፣ ሲለኝ አዎ። ለትልቅ ሰው አልገባኝም ማለት ነውር መስሎኝ እኮ ነው። ፈተናው ሲመጣ አዎ ተብሎ የሚመለስ አንድም ጥያቄ የለውም። ያልገባችሁን አልገባኝም በሉ፤ እዚያ ነውር አይደለም፣ እንዲያውም ይወዱላችኋል» አለ። አዳራሹ ሳቀ። «ምግብም ክፍላችሁን ዘግታችሁ ብቻችሁን አትብሉ። በሩን ክፈቱት፤ ሽታው ሰው ይጠራል። እኔ ጓደኛ ያገኘሁት በእትዬ አልጋነሽ ዳጣ ነው» ሲል ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። መሬት ብትከፈትልኝ ደስ ባለኝ።

ቀጥሎ ዱባለ ተነሳ። ሰው ሲዞር ዞሮ ነበርና እኔን አይቶ ነው የተነሳው። ወረቀቱን አወጣ፣ አየው፣ መልሶ ኪሱ ከተተው። ትንሽ ከሳ ብሏል፤ አንገቱ ላይ ያለችው ጠባሳ ግን አለች፣ ልጅ ሆኖ ከእንሰት መቁረጫ ጋር ሲጫወት ያገኘችው።

«እዚያ አገር የሚከብደው ብርዱ አይደለም» አለ። «ለብርድ ካፖርት ይገዛል። የሚከብደው እሑድ ነው። በሳምንቱ መሀል ትሮጣላችሁ፤ እሑድ ግን ከተማው ዝም ይላል፤ እናንተ ደግሞ እዚህ መዝሙሩ ስንት ሰዓት እንደሚጀመር ታውቃላችሁ። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት የእሑድ ሰው ፈልጉ። ማንም ይሁን። ቋንቋችሁን ባይሰማም ግድ የለም።»

እጁ ወደ ወረቀቱ ኪስ ሄዶ ባዶውን ተመለሰ። በየዓመቱ እየሮጡ የሚያመጡልኝ ነገር እንደደረሰ አወቅሁ።

«አንድ የመጨረሻ። እጮኛ አስቀምጣችሁ አትሂዱ። ወይ አግብታችሁ ሂዱ፣ ወይ ፈታችሁ ሂዱ።»

በሰው አፍ ስሰማው የከረምኩት ነገር በራሱ አፍ ሲመጣ ሌላ ሆነ። ስድብ ይሆናል ብዬ ጥርሴን ነክሼ ነበር የጠበቅሁት፤ ድምፁ ግን የሚሳደብ ሰው ድምፅ አይደለም። ለማን እንደሚናገር ግራ ገባኝ። ቀና ስል ዓይኑ እኔ ላይ ነው፤ እንደ ቦዲቲው ቀን አልመለሰውም። እኔ ነኝ የመለስኩት።

ወደ ቤት ስንሄድ ቤቴል ክንዴን ያዘች።

«አክስቴ፣ ለምን አላነሳሽለትም?»

ነገሩን ታውቀዋለች፤ ሶዶ ውስጥ የማያውቀው የለም። ግን ይህን ሁሉ ዓመት ማንም ይህቺን ጥያቄ ጠይቆኝ አያውቅም። ነገርኳት። ጋሼ ትግሉ ያለውን፣ እኔ ያልኩትን። ቆመች።

«እና እኔ እዚያ ሆኜ አባዬ ቢሞት አትነግሪኝም ማለት ነው?»

«አፍሽን ቁረጪ፣ ወንድሜ ደህና ነው።»

«ቢሞት ነው ያልኩት።»

እየጎተትኳት መንገዱን ቀጠልኩ። ዘላለሜን ሲበድሉኝ የኖሩ የመሰለኝ ሰዎች ያኔ የነበሩበት ቦታ ላይ ቆሜ ራሴን አገኘሁት። ልንገራት? ማን ይይዛታል? አልንገራት? ያን ጊዜ እኔ ምን ሆኜ ነበር? እስከ ቤት ድረስ ክንዴን አልለቀቀችም።

*

በማግስቱ ረፋድ ላይ ቃሪያ እየለቀምኩ ሳለ ጥላ ወደቀብኝ። ቀና ስል ዱባለ ነው።

«ሳሮ፣ አልጋነሽ» ብሎ በቋንቋችን ሰላም አለኝ።

«ሳሮ። ምን ልስጥህ ዶክተር? ኃይለኛውን ነው ለስለስ ያለውን?»

«ዳጣ ልገዛ አልመጣሁም።»

«እኔ ሌላ የምሸጠው ነገር የለኝም።»

አልሄደም። ጆንያው ላይ ተቀመጠ፤ በንጹሕ ሱሪው፣ ዶክተሩ። ሰው ያያል ብዬ ተጨነቅሁ፣ መልሼ ይይ አልኩ።

«ትናንት አዳራሽ መጣሽ።»

«ልጄ ትሄዳለች፣ ለምን አልመጣም? አንተን ብዬ የመጣሁ መሰለህ?» ከዚያ ሳላስበው ወጣ። «ስማ ዱባለ። ስልኩን አላነሳሁም። አፍሽን ያዢ ያሉኝ ሽማግሌዎቹ ናቸው። እኔ ደግሞ ልዋሽህ አልቻልኩም። ይኸው ነው። ብትጠይቀኝ ያኔውኑ እነግርህ ነበር። አልጠየቅከኝም።»

«አውቃለሁ» አለ።

«ምኑን?»

«ሁሉንም። ስልኩን የዘጋሽብኝ ዕለት ነው እናቴ እንደሞተች ያወቅሁት።»

ቃሪያው ከእጄ ወደቀ።

«ሁሉም ቦምቤ ሄዳለች ይሉኝ ነበር» አለ። «ድምፃቸው ደህና ነው፣ ይስቃሉ፣ ስለ ዝናቡ ያወሩኛል። አመንኳቸው። አንቺ ብቻ ዝም አልሽ። አልጌ፣ አንቺ ዝም የምትይ ሰው ነሽ? በሕይወትሽ ዝም ብለሽ ታውቂያለሽ? ያን ጊዜ ገባኝ። ክፍሌን ዘግቼ ብቻዬን ለቅሶ ተቀመጥኩ። የቤት አከራዬ ሴትዮ ምን እንደሆንኩ አታውቅም፤ ሩዝ በሩ ላይ እያስቀመጠች ትሄዳለች። ወጥቼ ማንሳት እንኳ ያሳፍረኛል።»

«ታዲያ ከዚያ በኋላ ለምን ትደውል ነበር?»

«አንድ ቀን ታነሺና አይደለም፣ እናትህ አለች ትይኛለሽ ብዬ።»

የወደቀውን ቃሪያ አንስቶ ሰጠኝ። ዓይኔ ሞላ፤ ግን የማለቅስበት ሰዓት አልነበረም፣ ገና ያልጠየቅሁት አለ።

«ቦዲቲ ላይ ያለቀስከውስ? ሁለት ሰው ይዞህ?»

«ያለቀስኩት እውነት ነው። እንዳልሰማ የሆንኩት ግን ለእነሱ ብዬ ነው። እኔን ለመጠበቅ ያን ያህል ተጨንቀው፣ አውቄዋለሁ ብላቸው ምን ይሰማቸዋል? ከዚያ አንቺን አየሁሽ። አንቺ ብቻ ነሽ እዚያ ቤት ውስጥ ያልዋሸሽኝ። ልጠጋሽ ፈለግሁ። መልሼ ደግሞ ያቺን የዘጋሽብኝን ስልክ ሰማኋት። አንቺን ባየሁ ቁጥር እናቴ ትሞትብኛለች። ተቆጥቻለሁ እንዳልል፣ በምን? ይቅር ብያለሁ እንዳልል፣ ምን አጠፋሽ? ግራ ገባኝ፣ አልጌ። ግራ እንደገባኝ ዓመቱ ሄደ።»

«እና እኔን በየዓመቱ አዳራሽ ውስጥ የምትሰድበኝስ?»

«አንቺን?» አለና ተገርሞ አየኝ። «እኔ ለሄደው አይደለም የማዝነው። ሂያጁ የሚይዘው ሥራ አለው። ቤት የቀረችው ናት፣ የማትችለውን የሚያሸክሟት። ልጆቹን ማንንም እንደ አንቺ አታድርጉ ነው የምላቸው።»

ያን ጊዜ አንዲት ተማሪ መጥታ «እትዬ አልጋነሽ፣ ኃይለኛው አለ?» አለችኝ። ሰጠኋት። መልሷን ሳልቆጥር ሰጠኋት። ዞር ስል ዱባለ ተነስቷል፣ ሱሪውን ያራግፋል። ከዚያ ሄደ፤ እኔም አልጠራሁትም።

ስንት ዓመት የያዝኩት ቁጣ ከእጄ ወጣ። የሚያስደስት ይመስላችሁ ይሆናል፤ እኔ ግን ባዶ እጄን የት እንደማደርገው አጣሁ። አልገባውም ብዬ ነበር የተቆጣሁት፤ ለካ ከሁሉ ቀድሞ የገባው እሱ ነው። ገብቶት ከተወኝ ደግሞ የባሰ አይደለም? ወይስ ይሻላል? ቃሪያውን ለቀምኩ፣ መልሼ በተንኩት፣ እንደገና ለቀምኩ።

*

ለቤቴል አጫወትኳት። አልጋው ላይ ሻንጣዋን ከፍታ ልብስ እያጣጠፈች ሰማችኝ።

«እና አሁን ምን ትፈልጊያለሽ?» አለችኝ። «እንዲያገባሽ ነው ወይስ እንዲፈታሽ?»

«እኔ ምን አውቄ።»

«አክስቴ፣ አንቺ የማታውቂው ነገር አለ?»

ትቀልድብኛለች። እኔ ግን ሳስብ የነበረው ሌላ ነው። «ከአዳራሽ ስንመጣ የጠየቅሽኝን» አልኳት። «እነግርሻለሁ። ማንም አትናገሪ ቢለኝ እነግርሻለሁ። ግን ስደውልልሽ በመጀመሪያ አጠገብሽ ሰው አለ ወይ ብዬ ነው የምጠይቅሽ። ከሌለ ጎረቤትሽን አንኳኪና ጥሪ። ሰው አጠገብሽ ተቀምጦ ነው የምትሰሚኝ። ስለዚህ እዚያ እንደደረስሽ በመጀመሪያ የምታንኳኪው በር ይኑርሽ። ከትምህርቱም በፊት።»

ልብሱን አስቀምጣ አቀፈችኝ። እንደ ሕፃን ጊዜዋ አንገቴ ሥር ገባች።

ከዚያ ነጠላዬን ለብሼ ጋሼ ትግሉ ቤት ሄድኩ። አርጅቷል፤ በረንዳ ላይ ፀሐይ ይሞቃል። ወንጌላዊ ይስሐቅም አጠገቡ ነበር። ካጨኑት ሽማግሌዎች የቀሩት ሁለቱ ናቸው።

«ሥራችሁን ጨርሱልኝ» አልኳቸው።

«የምን ሥራ?» አለ ጋሼ ትግሉ።

«አስራችሁኛል። ወይ ፍቱኝ ወይ አጽኑኝ። ዱባለ ዘንድ ሂዱ።»

ጋሼ ትግሉ ወንጌላዊውን አየው። «ይስሐቅ፣ ይህቺ ልጅ ሴት ሆና ሽማግሌ ልትልክ ነው?»

«እኔ አልላክሁም። የላካችሁ እሱ ነው፣ ያኔ። እናንተ መንገድ ላይ ቀራችሁ።»

ወንጌላዊ ይስሐቅ ሳቁን በጋቢው ሸፈነ። ጋሼ ትግሉ ግን አልሳቀም። ወደ እኔ ዞረ።

«አልጋነሽ፣ ያንን አፍሽን ያዢ ያልኩሽን… እኔ ለልጁ ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ ጋሼ። ለእኔስ ማን አለ?»

ምርኩዙን ፈለገ፣ አገኘው፣ ተነሳና «እሑድ እንሄዳለን» አለ። እኔ ደግሞ ሲነሳ ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ ፈራሁ፤ አሁን የምርም ሊሄዱ ነው።

*

እሑድ ከአምልኮ በኋላ ሄዱ። እኔ ቤት ሆኜ መጠበቅ ነበረብኝ፤ ወጉ እንደዚያ ነው። እስከ ማዕዘኑ ድረስ በዓይኔ ሸኘኋቸው፤ ከዚያ እግሬ ተከተላቸው።

ዱባለ በሩን ሲከፍት ሁለቱን አዛውንት አየ፣ ከኋላቸው እኔን አየ። ግቡ አለ። ወንበር ሰጣቸው። «ቆመን ነው የምንናገረው» አለ ጋሼ ትግሉ፤ ሽማግሌ ጉዳዩን ሳይናገር አይቀመጥም።

«ልጄ» አለ። «መጀመሪያ የእኔን ልናገር። የእናትህን መርዶ የደበቅሁህ እኔ ነኝ። እሷ አልደበቀችህም፤ እኔ ነኝ አፏን ያስያዝኳት።»

«አውቃለሁ፣ ጋሼ። ያኔም አውቅ ነበር።»

«ያኔ መቼ?»

«እዚያው ሳለሁ። ቦዲቲ ሳትነግሩኝ በፊት።»

ጋሼ ትግሉ ወጉን ረስቶ ቁጭ አለ። «እኔ ያንን መርዶ እንዴት እነግረዋለሁ ብዬ ስንት ቀን እህል አልቀመስኩም እኮ» አለ ቀስ ብሎ። «አንተ ደግሞ ታውቅ ነበር።» አገጩ ተንቀጠቀጠ። ወንጌላዊ ይስሐቅ ትከሻውን ያዘው። ማን ለማን ሲል ያንን ሁሉ እንደተሸከመ፣ ማን ማንን እንደሚያጽናና፣ እዚያች ክፍል ውስጥ የሚያውቅ አልነበረም።

ጉዳዩን የጨረሰው ወንጌላዊው ነው። «ዱባለ፣ ይህቺን ሴት በእኛ አፍ አጭተሃታል። አላጸናኸውም፣ አላፈረስከውም። መልስህን ልንሰማ መጣን።»

ዱባለ አየኝ። እኔ በሩ መቃን ላይ ነኝ። ያ ህንድ የሄደው ልጅ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ከዚያ የሙሽሪት አባት እንደሚለው አለ፦

«ተመለሱ። በሚመጣው እሑድ ተመለሱ።»

ሽማግሌዎቹ ቀለላቸው። ወጉ ነው፤ ተመለሱ ማለት እንቢ ማለት አይደለም። ጋሼ ትግሉ ምርኩዙን ያዘ፣ ወንጌላዊው ደገፈው፣ ወደ በሩ መጡ። መንገድ ለቀቅሁላቸው። ወጡ። እኔ ግን ወደ ውጭ አልወጣሁም፤ ወደ ውስጥ ገባሁ።

«አልጋነሽ፣ ነይ እንጂ» አለኝ ጋሼ ትግሉ ከደጅ።

«ተመለሱ የተባላችሁት እናንተ ናችሁ። እኔ አልመለስም» አልኩና ጋሼ ትግሉ የተነሳበት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

ዱባለ ቆሞ ቀረ። ያስወጣኝ ይሆን ብዬ ጠበቅሁ። ልነሳም አስቤ ነበር፣ አልዋሽም፤ ምን ልል እንደተቀመጥኩ ራሴም አላውቅም። እሱም ሌላ ወንበር ስቦ ከፊቴ ተቀመጠ። ጉልበታችን ሊነካካ ትንሽ ቀርቶታል። ደጅ የሽማግሌዎቹ ድምፅ እየራቀ ሄደ።

«አልጌ» አለ። «እንዳልሰማ ሆኜ ነበርና ማንንም መጠየቅ አልቻልኩም። በኋላም ጊዜው አለፈ። ስትሞት… አጠገቧ ማን ነበር?»

ያኔ ገባኝ። የጠበቅሁት ጥያቄ ለምን አላነሳሽም የሚለው ነበር፤ እሱ ግን ይህን ሁሉ ዓመት ሌላ ጥያቄ ይዞ ነው የኖረው፣ የሚጠይቀውም ሰው ከእኔ በቀር የለውም።

«እኔ ነበርኩ» አልኩት። «ጭንቅላቷ እዚህ ክንዴ ላይ ነበር።»

እጁን ዘረጋ። ያዝኩት። ብቻውን እንዳይሰማው አጥብቄ ያዝኩትና፣ ከታመመችበት ጠዋት ጀምሬ፣ አንድም ሳላስቀር ነገርኩት።